ጊዜ ለሌለው ሠራተኛ አንድ ገጽ



እናት በማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ተቀምጠው፣ አቀርቅረው «እሺ» ይላሉ። ሶጽያሊቷ በፋይሉ ላይ «ተስማምተዋል» ብላ ትጽፋለች። ያ «እሺ» ብዙ ጊዜ «ሰምቻለሁ፣ አከብርሻለሁ» ማለት እንጂ «ፈቅጃለሁ» ማለት እንዳልሆነ እኛ እናውቃለን። እናቲቱ በቀጠሮው ሲቀሩ «አይተባበሩም» የሚል ቃል ይጨመራል። በእንዲህ ያለ ቃል የልጅ ዕጣ ሊወሰን ይችላል።

ይህ ሁሉ ከክፋት የመጣ ነው አንልም። ሶጽያሊቷ ፋይል በዝቶባታል፤ ስልኩ ይጮኻል፤ ስለ እኛ መጽሐፍ የምታነብበት ሰዓት የላትም። ሥራ የበዛበት ሰው በፊቱ ያለውን ወረቀት እንጂ ከወረቀቱ ጀርባ ያለውን ኑሮ አያይም።

ከወረቀቱ ጀርባ ግን ብዙ አለ። በ1984 በሱዳን በኩል የመጡት በመንገድ የቀበሩት ዘመድ አላቸው፤ መታሰቢያቸውም በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ ይደረጋል። በግንቦት 1991 በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ሆነው የመጡት ሌላ ታሪክ አላቸው። ከ2020 መጨረሻ ወዲህ በ«ጹር እስራኤል» የመጡት ደግሞ በጎንደርና በአዲስ አበባ ዓመታት የጠበቁ ናቸው። በኦገስት 2023 በጎንደር ውጊያ በተነሣ ጊዜ ወንድሙ እዚያ የቀረበት የሐዴራ ሰው እንቅልፍ አልነበረውም። በዚያ ሳምንት ቀጠሮ ቢረሳ፣ ምክንያቱን ማን ጠየቀው?

ስለዚህ ከዚህ እትም ጀምሮ በዕብራይስጡ ክፍል አንድ ገጽ ለእነዚህ ሠራተኞች ለይተናል። በአምስት ደቂቃ የሚነበብ ነው፦ በወሩ ከጎንደር ምን ተሰማ፣ የትኛው በዓል ወይም መታሰቢያ ደረሰ፣ አዲስ መመሪያ ቤተሰቡን እንዴት ይነካል። ስግድ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ በዓል ነው፤ በ29 ሔሽዋን ቀጠሮ ሰጥቶ «ለምን አልመጣችሁም?» ማለት ሊቀር ይገባል።

ገጹ ቤተሰብን አይተካም። ስለ ጎንደር ያነበበ ሰው የእያንዳንዱን ቤት ጉዳይ አውቄአለሁ እንዳይል፣ የተሻለ ጥያቄ እንዲጠይቅ ነው ምኞታችን። የቢሮ ኃላፊዎችም ለንባቡ ከሥራ ሰዓት ላይ ጊዜ ይስጡ። ሜጋሽሮችን ለማስተርጎም ብቻ አይጥሯቸው፤ ስለ ቤተሰቡ በሚመከርበት ስብሰባም ያስቀምጧቸው።

እናንተም ወላጆች፣ ገጹን ይዛችሁ ሂዱ። ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ያልተስማማችሁበትን «አልተስማማሁም» በሉ። አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይሉ ነበር፤ በቢሮ ግን ዝም ካልን ሌላው በመሰለው ይጽፈዋል።