ከወለል ላይ መተኛት ውርደት ነውን?

የሰውን ክብር በአልጋው ቁመት የሚለኩ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። እኔም እስከ ዐሥረኛ ክፍል ድረስ ከእነዚሁ አንዱ እንደ ነበርሁ ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ዛሬ ግን አሳቤን ለውጫለሁና፣ ያስለወጠኝን ምክንያት ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለትምህርት ጓደኞቼ መግለጽ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

አጎቴ በጃፓን አገር ሲማር ቆይቶ በተመለሰ ጊዜ ያመጣልኝ ስጦታ ተጠቅልሎ የታሰረ ፍራሽ ነበር። ስሙ ፉቶን ይባላል። ሰዓት ወይም ጫማ እጠብቅ ስለ ነበር ቅር አለኝ። ቤታችን አንድ ክፍል ብቻ በመሆኑ ፍራሹን ከወለል ላይ አንጥፌ እተኛ ጀመር። አንድ ቀን ማለዳ የክፍል ጓደኛዬ ደብተር ሊዋስ መጥቶ እንደ ተኛሁ አገኘኝ። እርሱ ምንም አላለም፤ እናቴ ግን በኀፍረት ተሸማቅቃ፣ «ዕቁቡ ይድረሰኝ እንጂ አልጋ እገዛለሁ፤ ልጄ ከመሬት ተኝቶ ሰው ምን ይለኛል?» አለች።

እኔም ነገሩን አጎቴን ጠየቅሁት። እንደ ነገረኝም፣ የጃፓን ባህላዊ መኝታ ከታች የሚነጠፍ በጥጥ የተሞላ ፍራሽ፣ ከላይ የሚለበስ ወፍራም ብርድ ልብስና ትራስ ያለው ነው። የፍራሹ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሳንቲሜትር አይበልጥም። የሚነጠፈውም ታታሚ በሚባል ምንጣፍ ላይ ነው። ታታሚ በጥንቱ አሠራር ውስጡ ከተጠቀጠቀ የሩዝ ገለባ፣ ላይኛው ፊቱ ቄጠማ ከሚመስል ሣር የተሠራ ሲሆን፣ አንዱ ወርዱ 90፣ ርዝመቱ 180 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ጃፓናውያን የክፍልን ስፋት የሚናገሩት በታታሚ ቍጥር ነው። ባለ 6 ታታሚ ክፍል 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። እንዲህ ያለው ትንሽ ክፍል ሌሊት መኝታ ቤት ነው፤ ጠዋት ፉቶኑ ታጥፎ ኦሺኢሬ ወደሚባለው የግድግዳ ቁም ሣጥን ሲገባና ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ሲቀርብ፣ ያው ክፍል መመገቢያና ማጥኛ ይሆናል።

ይህ የድኾች ኑሮ ነው የሚል ቢኖር ታሪኩን ይመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868 ዓ.ም. በቆየው በኤዶ ዘመን በጥጥ የተሞላ ፉቶን ውድ ዕቃ ነበር፤ ብዙው ሕዝብ በገለባ ላይ ይተኛ ነበር። ፉቶን ወደ ተራው ሰው ቤት በስፋት የገባው ከዚያ ወዲህ ጥጥ በረከሰ ጊዜ ነው። ዛሬ ብዙ ጃፓናውያን በአልጋ ይተኛሉ። ይሁን እንጂ ሪዮካን በሚባሉት ባህላዊ የእንግዳ ማረፊያዎች፣ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ለሚያድር እንግዳ የሚነጠፍለት ይኸው ፉቶን ነው። ውርደት ቢሆን ኖሮ ለተከበረ እንግዳ ባልቀረበም ነበር።

የእኛም አያቶች ጀንዲ ወይም ሰሌን አንጥፈው ያድሩ፣ ሲነጋም ጠቅልለው ያነሡ ነበር። በየሰፈሩ «ፍራሽ አዳሽ!» እያለ የሚዞረው ሰው የሚሠራው ሥራ በጃፓንም አለ፤ ያረጀው ፉቶን ተፈትቶ ጥጡ ይፍታታና በአዲስ ልብስ ይሰፋል።

ነገር ግን ፉቶን ሰነፍን አይወድም። በሌሊት ከሰውነት የሚወጣውን ላብ ጥጡ ስለሚጠጣ፣ በየጠዋቱ መነሣት፣ በየጊዜውም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ መራገፍ አለበት። ጃፓናውያን ሳይነሣ የሚሰነብተውን ፉቶን «ማንኔንዶኮ» ይሉታል፤ «የዐሥር ሺህ ዓመት መኝታ» ማለት ነው። እኔም ይህን ንቄ በአንድ ክረምት ለሁለት ሳምንት ሳላነሣው ብቀር፣ ሥሩ ሻግቶ ሸተተ። ቤታችን ታታሚ የለውምና እርጥበቱ በሲሚንቶው ወለል ላይ ተኝቶ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ከሥሩ የእንጨት ርብራብ አድርጌ፣ ፊቴን ሳልታጠብ አነሣዋለሁ።

ስለ ፉቶን ከልክ በላይ ማመስገንም አልፈልግም። ከመሬት መተኛት የወገብን ሕመም ይፈውሳል የሚሉ አሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በእስፓኝ አገር ወገባቸውን ለረጅም ጊዜ ካመማቸው 313 ሰዎች መካከል ይበልጥ የተሻላቸው በጠንካራ ፍራሽ የተኙት ሳይሆኑ በመካከለኛው የተኙት መሆናቸውን ገልጿል። ጕልበታቸውን ለሚያማቸው አረጋውያንም ከወለል መነሣት ጭንቅ ነው። ለአያቴ አልጋ ያስፈልጋታል፤ ይህን አልክድም።

እኔ የምለው ስለ እኛ ስለ ወጣቶቹና ስለ ጠባብ ቤቶቻችን ነው። አንድ የብረት አልጋ ሌሊት የሚያስተኛው አንድ ልጅ ነው፤ ቀን ግን የመላውን ቤተ ሰብ ቦታ ይዞ ይውላል። ለመልቀቂያ ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ቁጭ ብሎ የሚያጠናበት ሥፍራ ያጣል። ለእናቴም ይህንኑ በትሕትና አስረዳኋት። ብዙ ካሰበች በኋላ ዕቁቡ ሲደርሳት በአልጋው ፈንታ ጠረጴዛ ገዛች። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሆኖም እንግዳ በር ሲያንኳኳ የታጠፈውን ፉቶን በነጠላዋ መሸፈኗን እስከ ዛሬ አልተወችም።

ስለዚህ ውድ ወላጆች ሆይ፣ ለይሉኝታ ብላችሁ በብድር አልጋ ከመግዛታችሁ በፊት የልጃችሁን ማጥኛ ቦታ አስቡ። እናንተም ጓደኞቼ፣ የባልንጀራችሁን መኝታ ከወለል ላይ ብታዩ፣ ደብተራችሁን ተውሳችሁ እንደዚያ እንደ ጓደኛዬ በዝምታ ሂዱ።