የደቻቱ ራስ ባለአደራ ይፈልጋል

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን ሲያቋርጥ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ደግሞ ከቤት ንብረታቸው ተፈናቀሉ። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ቆሟል፤ መቆሙም ተገቢ ነው። ግንብ ግን ጎርፉን የሚገጥመው ከዚራና መጋላ በተባሉት የከተማዋ ሰፈሮች ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ነው። ጎርፉ የሚነሣው ከላይ፣ ከደንገጎና ከአካባቢው ተዳፋት ነው። ያው ተዳፋት ከተማዋ ዓመቱን ሙሉ የምትጠጣውን ውኃ ወደ ከርሰ ምድር የሚያሰርግ መሬትም ነው። ስለዚህ ጎርፍንና የውኃ እጥረትን ለየብቻ መያዛችን ስሕተት ነው እላለሁ። ሁለቱም የአንድ መሬት ጉዳይ ናቸው፤ ያ መሬት ደግሞ የሚጠብቀው ባለአደራ የለውም።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ባቡሩ ያንን ዳገት ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልቻለ ነው። ለከተማዋ መፈጠር ምክንያት የሆነው ተራራ ዛሬም የሚያጠጣት እሱ ነው። ቆላው የሚያገኘው ዝናብ ጥቂት ነው፤ ደጋው ላይ የወረደው ግን በኖራ ድንጋዩና በአሸዋ ድንጋዩ ስንጥቅ ሰርጎ፣ በደረቅ ወንዞች አሸዋ ሥር ተጉዞ ሳቢያንን በመሳሰሉ የጉድጓድ ቦታዎች ይጠራቀማል። ይህ የሚሆነው ሣሩና አፈሩ ውኃውን ይዘው ማቆየት ሲችሉ ነው። ዛፉ ለከሰል ተቆርጦ፣ ሣሩ ተግጦ፣ አለቱ ባገጠጠበት ተዳፋት ላይ ዝናቡ ሳይሰርግ ይንደረደራል። ክረምት ላይ ጎርፍ ሆኖ ያልፍና በበጋ በጉድጓዶቹ ውስጥ ሲፈለግ ይታጣል። የጥራቱ ነገርም አለ። ሳቢያን ዛሬ ቤት የሞላበት ሰፈር ነው። በከተማዋ የከርሰ ምድር ውኃ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የአንዳንድ ጉድጓዶች ናይትሬት የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 50 ሚሊ ግራም ገደብ ማለፉን አሳይተዋል፤ ለዚህም የመጸዳጃ ጉድጓዶች ዋና ተጠያቂ ናቸው። ናይትሬት ደግሞ ውኃ በማፍላት አይጠፋም። ቤት ያልተሠራበት የላይኛው መሬት ንጹሕ ሆኖ መቆየቱ ቅንጦት የማይሆነው ለዚህ ነው።

ቸልታ የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐረር ስትጠጣው የኖረችው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ። ለጫትና ለአትክልት ያለ ልክ ይቀዳ ነበር፤ ከተራሮቹ የታጠበው ደለልም ሞላበት። ሐረርም ወደ ድሬዳዋ ቆላ ወርዳ የጉድጓድ ውኃ በፓምፕ ሽቅብ ለመሳብ ተገደደች። እንግዲህ አንድ ቆላ ሁለት ከተማ ያጠጣል፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩና ነፃ የንግድ ቀጣናውም ከላይ ይጨመሩበታል። ሐይቁ ባለፉት ዓመታት ዳግም ውኃ መያዙ ግን ተስፋ ይሰጣል፤ በዙሪያው የተሠራው የተፋሰስ ሥራና ጥሩ ዝናብ ሲደመሩ መሬቱ ምላሽ ሰጥቷል።

በአሜሪካ እንዲህ ያለውን መሬት የሚጠብቁ የመሬት ባለአደራ ማኅበራት አሉ፤ መሬት ይገዛሉ፣ ወይም ባለቤቱ እንዳይገነባበት ውል ያስራሉ። የኒውዮርክ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1997 ከላይኛው ተፋሰስ ነዋሪዎች ጋር ተስማምታ መሬት በመጠበቅና ገበሬዎችን በመደገፍ፣ በቢሊዮን ዶላር የሚገመት የማጣሪያ ጣቢያ ከመሥራት ድናለች። እኛ አገር መሬት አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል። ስለዚህ አይሆንም የሚሉ አሉ። ባለአደራነት ግን ባለቤትነትን አይጠይቅም። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንንና የማኅበራት ደንን አውቋል። በወላይታ ሁምቦ 7 የገበሬ ማኅበራት 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በመጠቀም መብት ተረክበው ጉቶው ዳግም እንዲያቆጠቁጥ አድርገዋል፤ ከካርቦን ሽያጭም ገቢ አግኝተዋል። የመንዝ ጓሳም የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ መሬት ነው።

በየዓመቱ የተፋሰስ ዘመቻ አለ፣ ችግኝም ይተከላል፣ ሌላ ማኅበር ለምን ያስፈልጋል ይባል ይሆናል። ዘመቻው እርከን ይቆፍራል፤ በ3ኛው ዓመት የተናደው እርከን የሚጠገነው፣ የገባው ከብት የሚወጣው ግን ስሙ የታወቀ ኃላፊ ሲኖር ነው። ከሁሉም የሚከብደኝ ተቃውሞ የአርሶ አደሩ ነው፦ መሬቱ ከተከለለ ከብቴን የት ላሰማራ? እውነት አለው። ከተማው እንዲጠጣ ገጠሩ ይራብ ማለት ፍትሕ አይደለም። ሆኖም የሐረርጌ ገበሬ ሰንጋውን አስሮ፣ መኖ እያጨደ በእጁ በማብላት የታወቀ ነው። የተከለለ ተዳፋት ለልቅ ግጦሽ ቢዘጋም የሚታጨደው ሣር ይበዛል፤ ማርም ይገኛል። ሣሩ እስኪያገግም ባሉት ዓመታት ግን ጉድለቱን ከተማው መክፈል አለበት፤ ይኸውም ከውኃ ሂሳብ ላይ በሜትር ኩብ ጥቂት ሳንቲም በማንሳት። ክፍያው ብዙ በሚቀዱ ፋብሪካዎችና ሆቴሎች ይጀምር እንጂ በቦኖ የሚቀዳ ድሃ ላይ አይውደቅ።

ገንዘቡ ይበላል የሚል ስጋትም መልስ ይሻል። ድሬዳዋና ሐረርጌ አፎሻንና እድርን የመሳሰሉ የመረዳጃ ማኅበራትን ያቆመ ሕዝብ መኖሪያ ናቸው፤ መዋጮ መሰብሰብ፣ ሂሳብ መያዝ፣ ያጠፋን መቅጣት እዚህ አዲስ ትምህርት አይደለም። አስቸጋሪው አስተዳደሩ ነው፤ የላይኛው ተዳፋት ብዙው ክፍል በኦሮሚያ ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ስለሆነ የድሬዳዋ አስተዳደር ብቻውን ሊከልለው አይችልም። ድሬዳዋና ኦሮሚያ የሚፈርሙት ስምምነት ያስፈልጋል። ለዚህ ግን መላው ተፋሰስ እስኪጠና መጠበቅ የለብንም፤ ከደቻቱ ገባሮች አንዱን መርጦ፣ ከላይ ያሉት ቀበሌዎች የመጠቀም መብት የምስክር ወረቀት ይዘው ቢጀምሩ ይበቃል። በባለአደራው ማኅበር ቦርድ ከመቀመጫዎቹ ቢያንስ ግማሹ የተዳፋቱ ነዋሪዎች ይሁን፤ ሂሳቡም በየዓመቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ በአደባባይ ይነበብ።