የትዳር አጋርን ስፖንሰር ማድረግ፦ ወደ አሜሪካ የመመለስ ሐሳብ በምን ይረጋገጣል?

የአሜሪካ ዜግነት ኖሯቸው በአገር ቤት የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የትዳር አጋሮቻቸውን ይዘው ወደ አሜሪካ ለመመለስ ሲያመለክቱ፣ ጋብቻው እውነተኛ መሆኑን የሚያሳይ ብዙ ማስረጃ ያሰባስባሉ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀትና የጋራ የባንክ ሒሳብ በመዝገቡ ውስጥ ይካተታሉ። በቃለ መጠይቁ ዕለት ግን ጉዳዩ ባልተዘጋጁበት ጥያቄ ሊቆም ይችላል፦ አመልካቹን የሚወስደው ሰው ራሱ የሚኖረው የት ነው?

የጥያቄው መነሻ እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የወጣው የኢሚግሬሽን ማሻሻያ ሕግ ነው። ስፖንሰሩ በቅጽ አይ-864 የሚሰጠው የድጋፍ ቃል ከዚያ ወዲህ በፍርድ ቤት የሚያስገድድ ውል ሆኗል። ግዴታው በመሠረቱ የትዳር አጋሩ የአሜሪካ ዜግነት እስኪያገኝ ወይም የ40 ሩብ ዓመታት ሥራ እስኪቆጠርለት ድረስ የሚጸና ሲሆን፣ ፍቺ እንኳ አያቋርጠውም። እንዲህ ያለውን ውል የሚፈርም ሰው በአሜሪካ መደበኛ መኖሪያ እንዲኖረው ሕጉ ያዝዛል። የአሜሪካ ፓስፖርት መያዝ ብቻውን ይህን ግዴታ አያሟላም።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያ ሕግም እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው የሚገኝበትን መኖሪያና በዘላቂነት ለመኖር አስቦ የሥራውና የጥቅሙ ዋና ማዕከል ያደረገውን መደበኛ መኖሪያ ለይቶ ያስቀምጣል። የአሜሪካ ቆንስላ ሹምም የሚመለከተው ይህንኑ የመሰለ ነገር ነው፤ ሰውየው ኑሮውን የመሠረተው የት ነው? ወዴትስ ሊያዛውረው አስቧል?

ከአሜሪካ የወጡት ለጊዜው ብቻ የሆኑና እዚያ ያለውን ኑሯቸውን ያላቋረጡ ሰዎች ጉዳያቸው የቀለለ ነው። ቤት ወይም የባንክ ሒሳብ፣ ቋሚ የፖስታ አድራሻ፣ የምርጫ ተሳትፎና ሳይቋረጥ የቀረበ የግብር ማስታወቂያ ይህን ያስረዳሉ። በሥራቸው ጠባይ ምክንያት ውጭ እየኖሩም መኖሪያቸው በአሜሪካ እንደሆነ የሚቆጠርላቸው ዜጎችም አሉ። ለአሜሪካ መንግሥት የሚሠሩ፣ የውጭ ንግድን በሚያስፋፋ የአሜሪካ ኩባንያ ተቀጥረው ለጊዜው የተመደቡ፣ እንዲሁም አሜሪካ በስምምነት ወይም በሕግ በምትሳተፍባቸው ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የሚያገለግሉ ዜጎች ከእነዚህ መካከል ናቸው። አዲስ አበባ የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶች መቀመጫ በመሆኗ፣ ይህ ድንጋጌ እዚህ ላሉ ብዙ ቤተሰቦች ፋይዳ አለው።

የሚከብደው ግን የብዙኃኑ ሁኔታ ነው። ለምሳሌ ከስምንት ዓመት በፊት ከሜሪላንድ ተመልሳ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የያዘች፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያወጣች፣ እዚሁ አግብታ የወለደች የአሜሪካ ዜጋ እንውሰድ። በአሜሪካ ቤትም ሥራም የላትም። ይህች ሴት መኖሪያዬን አላቋረጥኩም ብትል መዝገቡ አይደግፋትም፤ ባትለው ይሻላል። ሕጉ የሚከፍትላት በር ሌላ ነው፤ ባለቤቷ ወደ አሜሪካ በሚገባበት ጊዜ ወይም ከዚያ በፊት መኖሪያዋን እንደገና እንደምትመሠርት ማስረዳት ትችላለች። ለዚህ ደግሞ «እመለሳለሁ» የሚል ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። የሚመዘነው የተወሰደው ተጨባጭ እርምጃ ነው።

እርምጃው ትልቅ መሆን የለበትም፤ እውነተኛና ቀን ያለው ይሁን እንጂ። የቤት ኪራይ ውል ወይም ዘመድ «ከእኔ ጋር ይቀመጣሉ» ብሎ የጻፈውና የራሱን የመኖሪያ ማስረጃ ያያያዘበት ደብዳቤ፣ ከቀጣሪዎች ጋር የተደረገ የደብዳቤ ልውውጥ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የተጀመረ ጉዳይ፣ በአሜሪካ ባንክ የተከፈተ ሒሳብና ወደዚያ የተላለፈ ገንዘብ፣ አዲስ አበባ ለሚገኘው ቀጣሪ የተሰጠ የመልቀቂያ ማስታወቂያ፣ ዕቃ ለማጓጓዝ የተጠየቀ የዋጋ ማቅረቢያ፤ እነዚህ ተደማምረው አንድ ታሪክ መናገር አለባቸው። የእያንዳንዱ ወረቀት ክብደት የሚለካውም ከሌሎቹ ጋር በመስማማቱ ነው። ለሦስት ዓመት የታደሰ የሥራ ውል ከመልቀቂያው ጎን ቢገኝ፣ ሹሙ ማብራሪያ መጠየቁ አይቀርም።

በዚህ ረገድ በጣም የተለመደው ስሕተት ገቢንና መኖሪያን ማምታታት ነው። የስፖንሰሩ ገቢ ካላነሰ ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስላል፤ ካነሰም ዳላስ ወይም ሲያትል ያለ ወንድም የጋራ ስፖንሰር ሆኖ ይሞላዋል ተብሎ ይታሰባል። የጋራ ስፖንሰር የሚያሟላው ግን የገቢን ጉድለት ብቻ ነው። ዋናው ስፖንሰር በአሜሪካ መደበኛ መኖሪያ እንዳለው ወይም እንደሚመሠርት ካላስረዳ፣ የወንድሙ ገቢ የቱንም ያህል ቢበዛ መዝገቡን አያድነውም።

በገቢው በኩልም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው መመሪያ፣ ከአላስካና ከሃዋይ በስተቀር፣ ለሁለት ሰው ቤተሰብ የተቀመጠው ዝቅተኛ ገቢ 26,437 ዶላር ነበር። በአዲስ አበባ የሚገኝ ደመወዝ የሚቆጠረው ከተመለሱ በኋላም ከዚያው ምንጭ የሚቀጥል ከሆነ ነው። ሥራውን ለቅቆ የሚሄድ ሰው ደመወዙ እዚሁ ይቀራል። ጉድለቱን በንብረት ለመሙላት የዜጋ የትዳር አጋር የጉድለቱን ሦስት እጥፍ ዋጋ ያለው ንብረት ማቅረብ ይጠበቅበታል። ንብረቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ገንዘብ የሚለወጥና ከአገር ሊወጣ የሚችል መሆን አለበት፤ በብር የተቀመጠ ቁጠባ ወይም በአገር ቤት ያለ ቤት ሲቀርብ የውጭ ምንዛሪ ደንቡ ጥያቄ የሚያስነሣው እዚህ ላይ ነው።

የግብር ማስታወቂያም ችላ ሊባል አይገባም። በውጭ አገር የተገኘ ገቢ ከግብር ነፃ ሊሆን ቢችልም፣ ገቢው የማስታወቅ ግዴታ ከሚጀምርበት መጠን በላይ ከሆነ ዜጋው የትም ቢኖር ማስታወቅ አለበት። ያልቀረበ ዓመት ካለ ቅጽ አይ-864 ከመግባቱ በፊት ማቅረቡ የሚመከር ነው።

ሥርዓቱ አንድ እውነተኛ ችግር ይፈጥራል። ቪዛው ሳይታወቅ ሥራ መልቀቅ፣ ቤት ማስረከብና ልጅን ከትምህርት ቤት ማውጣት ለቤተሰብ ከባድ አደጋ ነው። ሕጉ ግን ይህን ሁሉ አስቀድሞ ማድረግን አያስገድድም። ስፖንሰሩ ቀድሞ ሄዶ ተለይቶ እንዲኖርም አይጠይቅም፤ አብሮ መግባት ይበቃል። የማይፈቀደው የትዳር አጋሩ ቀድሞ መግባቱ ነው። ስለዚህ ሊመለሱ የሚችሉ እርምጃዎችን መምረጥ አስተዋይነት ነው፤ በቪዛው ላይ የተመሠረተ የመልቀቂያ ደብዳቤና የመግቢያ ቀኑ የሚራዘም የኪራይ ስምምነት ለዚህ ይረዳሉ።

ማስረጃው ካነሰ ቆንስላው በአንቀጽ 221(ጂ) መሠረት ጉዳዩን ያቆየዋል። ይህ የመጨረሻ ውድቅ ማድረጊያ አይደለም፤ አመልካቹ የጎደለውን ለማሟላት አንድ ዓመት አለው። ዓመቱ ካለፈ ግን ማመልከቻውና ክፍያው እንደገና ይጀመራሉ።

ግሪን ካርድ የያዙ ስፖንሰሮች ጉዳይ የተለየ ነው። ዳግም መግቢያ ፈቃድ ሳይኖራቸው ከአንድ ዓመት በላይ ከአሜሪካ የቆዩ ከሆነ፣ ከትዳር አጋራቸው በፊት የራሳቸው የነዋሪነት መብት ጥያቄ ውስጥ ይገባል፤ ለእነሱ የሚቀድመው የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ ጉዳይ ነው።