«ጠንካራ እንጨት» ሲሉን «ለምን ሥራ?» እንበል

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ቤት ስገባ እናቴ ለፋሲካ ያሠራችው የዕቃ መደርደሪያ ዘሞ አገኘሁት። ምስማሮቹን በጣቴ ስነካካቸው ይወዛወዛሉ። «ባህር ዛፍ ነዋ! ዋንዛ ቢሆን መች እንዲህ ይሆን ነበር» አለች። እኔም አመንኩ። የሠሩትን አናጺ ሳናግር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

«ባህር ዛፍማ ከዋንዛ ይጠነክራል» አሉኝ ጋሼ። «እናትህ በሳምንት ይድረስልኝ ስላሉ እርጥቡን መታሁት።»

እውነታቸውን ነው። ከባድ እንጨት አብዛኛውን ጊዜ ምስማር አጥብቆ ይይዛል። እርጥብ ሆኖ ከተመታ ግን ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፤ ምስማሩን ጨምቆ የያዘው ኃይልም ይላላል። ጥንካሬ ብቻውን ዋስትና አይሆንም ማለት ነው። ወይራን እንውሰድ። ከሁለቱም ይጠነክራል፤ ግን ዝም ብለው ምስማር ቢመቱበት ወይ ምስማሩ ይጎብጣል ወይ እንጨቱ ይተረተራል። በመሰርሰሪያ ቀድሞ ቀጭን ቀዳዳ ማበጀት ይፈልጋል። ዋንዛ በአንጻሩ ለስላሳ ነው፤ ለመላግ ይመቻል፣ ብዙም አይጣመምም፣ ምስማርም ሳይሰነጠቅ ይቀበላል። ለበርና ለወንበር የተመረጠው ለዚህ እንጂ ከሁሉም ስለሚጠነክር አይደለም።

የምስማሩ አገባብም ለውጥ ያመጣል። በእንጨቱ ጫፍ በኩል የተመታ ምስማር ከጎን ከተመታው ይልቅ ቶሎ ይነቀላል። ሹል ጫፍ ደግሞ እንደ ሽብልቅ ሆኖ እንጨቱን ይከፍለዋል፤ ለዚህ ነው አናጺዎች አንዳንዴ የምስማሩን ጫፍ በመዶሻ መታ አድርገው ዱልዱም የሚያደርጉት።

«ታዲያ ይሄ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ያገባናል ባይ ነኝ። ባህር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ ስንቱን ቤት ተሸክሞ ቆሟል፤ ቶሎ ያድጋል፣ ገበሬውም ይተክለዋል። ዋንዛ ግን እየተመናመነ ነው። ለማይገባው ሥራ ሁሉ «ዋንዛ ካልሆነ» ስንል ዛፉንም ኪሳችንንም እንጎዳለን። ጥፋቱ ደግሞ የአናጺው ብቻ አይደለም፤ እንጨቱ እስኪደርቅ የማንታገሰው እኛ ደንበኞቹም አለንበት።

እናቴ አሁንም አልተዋጠላትም። ቢሆንም መደርደሪያው እንዲጠገን ፈቅዳለች፤ እንጨቱ ስለደረቀ ዘንድሮ የተሻለ ይይዛል። እኛም ዜና ስንሠራ «ጠንካራ ነው» የሚል ሰው ሲገጥመን ወዲያው ከመጻፍ በፊት «ለምን ሥራ? በምን ሁኔታ?» ብለን ብንጠይቅ መልካም ነው እላለሁ።