ለዋርፋሪን ታካሚ ጎመን አንከልክል

ዐቢይ ጾም በተቃረበ ቁጥር የምሠራበት ፋርማሲ መስኮት ላይ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፦ «ደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ፤ ጎመን አትብላ ተብያለሁ። ታዲያ በጾሙ ምን ልብላ?» ጠያቂዎቹ ብዙ ጊዜ ወጣቶች ናቸው። በልጅነታቸው በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልባቸውን ቫልቭ ያበላሸባቸው፣ አንዳንዶቹም ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመላቸው። ልባቸው ውስጥ ደም ረግቶ ወደ አንጎል እንዳይሄድና ስትሮክ እንዳያመጣ የሚጠብቃቸው ዋርፋሪን ነው።

«ጎመን አትብሉ» የሚለው ምክር መቅረት አለበት እላለሁ።

ዋርፋሪን ጉበት በቫይታሚን ኬ እየታገዘ የሚያመርታቸውን ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች ይቀንሳል። ጎመንና ቆስጣ ደግሞ ይህ ቫይታሚን የሞላባቸው ናቸው፤ ድንገት ሲበዙ መድኃኒቱ ይደክማል። ይህን ታካሚው ሰምቷል። ያልሰማው ተቃራኒውን ነው። የመድኃኒቱ መጠን ከጎመኑ ጋር ተስተካክሎ የቆየ ሰው ጎመኑን በአንድ ጊዜ ሲተው ደሙ ከሚገባው በላይ ይቀጥናል። ሁዳዴን በጎመን የከረመ ታካሚ በፋሲካ ወደ ዶሮና ሥጋ ይዞራል፤ መጠጥም ይጨምርበታል። እኔን ከጾሙ መግቢያ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ይህ ሳምንት ነው። ድዱ ከደማ፣ ነስሩ አልቆም ካለ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም ጭንቅላቱን ከተመታ ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ።

ስለዚህ ጎመኑ ይበላ፤ ግን ሳምንት ከሳምንት በተቀራራቢ መጠን። መድኃኒቱን ከሰውየው ገበታ ጋር ማስማማት የእኛ የባለሙያዎቹ ሥራ ነው። ለዚህም አይኤንአር የሚባል የደም ምርመራ አለ። ዋርፋሪን በማይወስድ ጤነኛ ሰው ውጤቱ 1 አካባቢ ነው፤ ለአብዛኞቹ ታካሚዎቻችን ከ2 እስከ 3 እንዲሆን እንፈልጋለን፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላላቸው ከዚያ ከፍ ሊል ይችላል። ጾሙ ከገባ በኋላና ከፋሲካ ማግሥት ምርመራው ቢደገም ብዙ ጉዳት ይቀራል። ከገጠር የሚመጣ ታካሚ ለዚህች ጠብታ ደም የቀን ሙሉ መንገድ መጓዝ የለበትም። የጤና በጀት የሚመድቡ ሰዎች ምርመራውን ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች ያውርዱልን።

ከምግብ ጋር የማይጋጩት አዲሶቹ ክኒኖች ለምን አይሰጡንም የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በ2022 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት፣ ከጉሮሮ ሕመም በሚመጣው በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት የልብ ምታቸው የተዛባ ታካሚዎችን ተከታትሎ፣ ከአዲሶቹ አንዱ የሆነውን ሪቫሮክሳባንን ከወሰዱት ይልቅ እንደ ዋርፋሪን ያሉትን ከወሰዱት ያነሱ ሰዎች እንደሞቱ አሳይቷል። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ላለው ሰውም አዲሶቹ አይሆኑም። ከዋርፋሪን ጋር ገና ብዙ እንቆያለን።

ጎመንን በመከልከል የምናጠፋውን ጊዜ ለዳይክሎፌናክና ለአይቡፕሮፌን ብናውለው እመርጣለሁ። ለወገብ ሕመም ያለ ማዘዣ የሚገዙት እነዚህ ክኒኖች ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ከዋርፋሪን ጋር ሲሆኑ መድማቱ ሊገድል ይችላል። ለሆድ የሚወሰደው ሜትሮኒዳዞልም ዋርፋሪንን በጣም ያበረታዋል። መድኃኒት ቤት ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ ከእነዚህ አንዱን ከመሸጣችሁ በፊት «ደም ማቅጠኛ ትወስዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁ።