በሽታውን ያስደበቅነው እኛ ነን!

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን ሕመምተኛውን እንወቅሳለን። እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ «ማን አስደበቀው?» ብለን እንጠይቅ!

ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን ተህዋስ ለዓለም ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ዛሬ የተለመደው ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ሕክምና ይድናል። የሚተላለፈው በትንፋሽ እንጂ በብርጭቆ አይደለም። እኛ ግን ሰው ከዳነ በኋላም ብርጭቆውን እንለይበታለን፤ «ዘሩ ነው» ብለን ልጁን ለመዳር እናመነታለን።

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የምትሄድ እህታችን ደረቷን ራጅ ትነሳለች፤ ቲቢ ከተገኘባት እንጀራዋ ተቋረጠ ማለት ነው። ታዲያ ሳሏን ብትደብቅ ይፈረድባታል?

እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነ፣ በደቡብ ታይላንድ የተሠራ የመገለል መለኪያ ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ የታማሚውን ስሜት፣ ሌላው የማኅበረሰቡን አመለካከት ይመዝናል። እኛም በየማኅበራችን ስለ ቲቢ ስንነጋገር ሁለተኛውን ገጽ አንዝለል። የታመመውን «ለምን ደበቅህ?» ከማለታችን በፊት፣ «ብትነግረን ኖሮ ምን እናደርግህ ነበር?» ብለን ራሳችንን እንመርምር።

ተህዋሱን መድኃኒት ይገድለዋል። ሐሜታችንን ግን ከእኛ በቀር የሚያክመው የለም። ልቡናውን ይስጠን!