ለጥጃው የሚደረገው ጥንቃቄ ለሕፃኑም ይሁን

በሆለታ ዙሪያ የተዳቀለች ላም ያለው ገበሬ ጥጃ ሲወለድለት የሚያደርገው ጥንቃቄ የሚያስመሰግን ነው። እንገሩን በጊዜው ያጠጣዋል፤ ማደሪያውን ያደርቅለታል፤ ወተቱን ለክቶ ይሰጠዋል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከልም ስለ ወተት ላሞች እርባታ ለብዙ ዓመታት ደክሟል። በዚያው ቤት ለተወለደው ሕፃን ግን ጡት ከጠባና ከታዘለ ሌላው በራሱ ጊዜ ይመጣል ተብሎ ይተዋል።

ይህ አስተሳሰብ መታረም አለበት። ሲወለድ የአዋቂውን ሩብ ያህል የነበረው የሕፃን አንጎል ሁለት ዓመት ሲሞላው 80 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ለዚህ ምግብ የግድ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ሕፃኑ ድምፅ ሲያሰማ መልሶ የሚያናግረው፣ ሲስቅ የሚስቅለት፣ ሲደነግጥ አቅፎ የሚያረጋጋው ሰው ያስፈልገዋል። ሰውን ማመንና ንዴትን መግታት የሚጀመረው ከዚህ ነው። ጥሪው መልስ ያጣ ሕፃን ውሎ አድሮ መጣራቱን ይተዋል፤ እኛ ደግሞ «አያስቸግርም» ብለን እናመሰግነዋለን!

እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 በጃማይካ በምግብ እጥረት የቀነጨሩ ሕፃናት ቤት ለቤት ይጎበኙ ጀመር። ጎብኚዎቹ በየሳምንቱ እየሄዱ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር እንዲጫወቱና እንዲያወሩ ያስተምሩ ነበር። ሥራው ሁለት ዓመት ቆየ። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች እንደነሱ ቀንጭረው ካልተጎበኙት በ25 በመቶ የበለጠ ገቢ ሲያገኙ ታይቷል። መጫወቻዎቹም በቤት ውስጥ ከሚገኝ ቁሳቁስ የተሠሩ ነበሩ።

የሆለታ እናት ይህን ማድረግ አቅቷት አይደለም፤ ጊዜ አጥታ ነው። ውኃው፣ ኩበቱ፣ አረሙና የገብሱ አጨዳ እሷን ይጠብቃሉ። አንዳንዷም ገና በማለዳ ወደ አበባ እርሻ ትሄዳለች። ሕፃኑ በሰባት ዓመት እህቱ ጀርባ ይውላል፤ እህቱም ከትምህርቷ ትቀራለች።

እዚህ ላይ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሊሠሩ የሚችሉት ሥራ አለ። ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር የሚጠራው ስብሰባ የሕፃናትንም ጉዳይ በአጀንዳው ይያዝ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ትጋበዝ። አባቶችም ይስሙ፤ ማታ እሳት ዳር ልጅን ማጫወት የእናት ብቻ ሥራ አይደለም። እርከን ለመሥራት ሕዝቡ በሚወጣበት ቀን ከሥራው አጠገብ ዳስ ይጣል። ልጅ ያሳደጉ ሁለት ሴቶች ሕፃናቱን እያጫወቱ ይዋሉ፤ ውሏቸውም አፈር ቆፍረው እንደዋሉት ሁሉ በማኅበሩ መዝገብ እንደ ሙሉ የሥራ ቀን ይቆጠርላቸው።